ዳገት ላይ አይጣሩም

የብስክሌት ጓደኞቹ ሰውየውን ጋሽ ዳገት ይሉታል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሜዳ ላይ ማንም ይቀድመዋል። ቁልቁለት ላይማ ፍሬኑን በሁለት እጁ አንቆ፣ ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚወርደው፤ ያኔ ወጣቶቹ በጎኑ እየተወነጨፉ፣ «ጋሼ፣ ፓራሹት እንግዛልህ?» እያሉ ያሾፉበታል። መንገዱ ሽቅብ ሲል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከከተማው ዳር፣ ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ የሚነሣ አንድ ዳገት አለ፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሆናል፣ አሥራ አንድ ጥምዝ አለው። እዚያ ዳገት ላይ ከእሱ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚያንሱ፣ እንደ ላባ የቀለለ ብስክሌት የገዙ፣ የልባቸውን ምት የሚቆጥር ሰዓት ያሰሩ ልጆች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እሱ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ትከሻውን ሳያወዛውዝ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል እየረገጠ ይወጣል።

«ምስጢሩ ምንድን ነው ጋሼ?» ይሉታል ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ።

«አለመቸኮል።»

«ሳትቸኩል እንዲህ ከሆንክ የቸኮልክ ቀን እኛ ከቤት ባንወጣ ይሻላል።»

ምስጢሩ ግን አለመቸኮል ብቻ አልነበረም። ጆሮው ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት የውሃ ፓምፕ ጠግኗል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ፣ የትኛው ዘንግ እንደተንጋደደ አንድ ብሎን ሳይፈታ ይናገራል። ያንኑ ጆሮ ይዞ ዳገት ይወጣል። ከኋላው ያለውን ሰው ዞሮ አያይም፤ ያዳምጠዋል። ሰውየው በአፍንጫው ከተነፈሰ ገና ነው። በአፉ መተንፈስ ሲጀምር ጊዜው ቀርቧል። ከትንፋሹ ጋር ድምፅ ሲቀላቀልበት፣ «ኧህ፣ ኧህ» ማለት ሲጀምር፣ ጋሽ ዳገት ሳያስታውቅ ማርሹን ያከብድና ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨመር ያደርጋል። ከኋላ ያለው ሰው ይሰበራል። በቃ።

ክለቡ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ መሰብሰቢያው የመካኒኩ ሱቅ ነው። መካኒኩ የጋሽ ዳገት እኩያ ነው፤ አንድ ጉልበቱ ስለተበላሸ ከሁሉም ኋላ እያዘገመ ይወጣል እንጂ አይፎካከርም። ጎልማሶች ሳሉ ሁለቱ ተቀምጠው ለክለቡ ሕግ አውጥተው ነበር። አብዛኛው ተረስቷል። ያልተረሳው አንዱ ነው፤ ዳገት ላይ አይጣሩም። ከፊት ያለውን ሰው መጥራት እጅ መስጠት ነው። «ቆየኝ» ማለትም፣ ስም መጥራትም፣ ማፏጨትም ያው ነው። የተጠራው ሰው አይመልስም፤ አይዞርም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚጨምረው። ጫፍ ላይ ሲገናኙ የተጣራው ሰው ይሳቅበታል፤ በሚቀጥለው እሑድም የሁሉንም ሰንሰለት የሚያጸዳው እሱ ነው። ጎማው የፈነዳበት እንኳ መንገድ ዳር ቆሞ ከኋላ የሚመጣውን ይጠብቃል እንጂ ወደ ላይ አይጮኽም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚህ ሕግ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

የሴት ልጁ ባል መነጽር ሠሪ ነው። ሱቁ ከጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ መስታወት እየሞረደ፣ ወደ ብርሃኑ እያነሣ፣ እየጠረገ ይውላል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ረጋ ያለ፣ ለቀልድ የማይሰስት፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተረፈ ሰው ነበር። የጋሽ ዳገት ሚስት የሞተች ጊዜ፣ «አባባ ብቻቸውን አይቀመጡም» ብሎ ጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም የቀባው፣ መደርደሪያ የመታው እሱ ራሱ ነው። እንዲያውም ጋሽ ዳገት አፍንጫ ላይ ያለችው መነጽር የእሱ እጅ ሥራ ናት።

«ባሌን ይዘኸው ውጣ» ያለችው ልጁ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊት ለፊቱን ክፍል ለስፌት መኪናዋ ለቃ እዚያው ትሠራለች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎታል። እሑድ እሑድ ይዘኸው ውጣ። ሱሪውን ባሰፋሁ ቁጥር ጨርቅ እያለቀብኝ ነው።»

«እኔ ዳገት የማውቀው ከሱቅ እስከ ጎዳና ያሉትን አራት ደረጃዎች ነው፤ እነሱም በቂዬ ናቸው» አለ ባልየው።

«አራተኛው ላይ አረፍ ትላለህ አሉ» አለ ጋሽ ዳገት።

«ሦስተኛው ላይ ነው አባባ። ሰው ስሜን እያጠፋ ነው።»

እንዲህ ተሣሥቀው ነው የጀመሩት። በመጀመሪያዎቹ ወራት መነጽር ሠሪው ከመካኒኩም ኋላ ነበር። ወጣቶቹ ጭራ ብለው ጠሩት፤ እሱም፣ «ጭራ ባይኖር ዝንቡን ማን ያባርርላችኋል?» እያለ አብሯቸው ይስቃል። ሁለት ጊዜ «አባባ፣ ቆዩኝ!» ብሎ ተጣርቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በሚቀጥለው እሑድ እጅጌውን ሰብስቦ በመካኒኩ ሱቅ ደጃፍ ሰንሰለት ሲያሽ ታይቷል። ከዚያ በኋላ አልተጣራም። ሚስቱ ሱሪውን ማስፋቷን ትታ ማጥበብ ጀመረች። ለካስ ማለዳ ማለዳ ሱቅ ሳይከፍት ብቻውን እየወጣ ኖሯል። ልጁ ለአባቷ በኩራት ስትነግረው ጋሽ ዳገት፣ «ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ ነው» አለ፤ ግን የቀረበለትን ሳይጨርስ ተነሣ።

ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን በግልጽ አልነገረውም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ፓምፕ ጣቢያው ሲሄድ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚበላውንም የሚለብሰውንም ሌላ ሰው ይመርጥለታል። ሰው የሚባለው ዳገቱ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ያ መስታወት ሞራጅ በየእሑዱ አንድ አንድ ጥምዝ እየጨመረ ከኋላው ይመጣል። መጀመሪያ እስከ አራተኛው፣ ቀጥሎ እስከ ስድስተኛው፣ ቀጥሎ እስከ ስምንተኛው።

«ተጠንቀቅ» አለው መካኒኩ እየሣቀ። «ባላጋራህ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

ጋሽ ዳገትም ሣቀ፤ ሣቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

የዚያን እሑድ አምስት ሆነው ወጡ። ከወጣቶቹ ሁለቱ፣ አንድ ኤሌክትሪሺያንና ጓደኛው፣ በዋዜማው ሌላ ቦታ ሲወዳደሩ ስለዋሉ እግራቸው ዝሎ ከመካኒኩ ጋር እያወሩ ከኋላ ቀሩ። ከድንጋይ መፍጫው ጀምሮ ከፊት የነበሩት አማትና አማች ብቻ ናቸው። ሰማዩ የጠራ ነበር፤ ነፋስ አልነበረም።

በስምንተኛው ጥምዝ ላይ ጋሽ ዳገት ጆሮውን ጣለ። ከኋላው ያለው ሰው ገና በአፍንጫው ይተነፍሳል። ዘጠነኛው ላይ በአፉ ሆነ። ጋሽ ዳገት ማርሽ አከበደ፤ የኋላው ጎማ ድምፅ አልራቀም። እንደገና ጨመረ፤ አሁንም አልራቀም። ጭኑ መቃጠል ጀመረ። ይህን ያህል ርቀት ማንም ተከትሎት አያውቅም። አሥረኛው ጥምዝ ጋ ሲደርሱ ድምፅ የተቀላቀለበት ትንፋሽ መጣ፤ «ኧህ፣ ኧህ»። ያን ጊዜ ደስ አለው። ይህን በኋላ ላይ ለራሱ ሊክደው ሞክሮ አልቻለም፤ ደስ ብሎት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ግን ከሚያውቃቸው የዳገት ትንፋሾች አንዱም አልነበረም። ደረቅ፣ የሚቆራረጥ፣ ጎትቶ ባዶውን የሚቀር ነገር ነው። የሰማው ዳገት ላይ ሳይሆን ፓምፕ ቤት ነው። ጉድጓዱ ደርቆ ውሃ ያጣ ፓምፕ አየር ሲጎትት እንዲህ ነው የሚለው። እንዲህ ሲል የሰማ ሠራተኛ የያዘውን ጥሎ ሮጦ ማጥፊያውን ይጫናል፤ ከተዘገየ ሞተሩ ያልቃል።

«አባባ» አለ መነጽር ሠሪው።

ጋሽ ዳገት አልዞረም።

«አባባ…»

ተጣራ ማለት ነው። እጅ ሰጠ። ጋሽ ዳገት ጥርሱን ነክሶ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ያለውን ሁሉ ጨመረ። ከኋላው ብረት አስፋልት ሲነካ ሰማ፤ ወርዶ ብስክሌቱን አጋደመው አለ በልቡ። የመጨረሻውን ጥምዝ ዞሮ ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ ገባ።

ጫፉ ላይ የስልክ አንቴና የቆመበት አጥር አለ። ከአጥሩ ሥር ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና ምን ብሎ እንደሚቀልድበት ማሰብ ጀመረ። ከአለቱ የተነሣ አሥረኛው ጥምዝ ከላይ አይታይም። ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ መነጽሩን ጠረገ። ሩብ ሰዓት አለፈ። አማቹ አኩርፎ ተመልሶ ይሆናል ሲል አሰበ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ፣ ከታች፣ «ጋሼ! ጋሼ!» የሚል ሰማ። የኤሌክትሪሺያኑ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ዳገት ላይ የሚጣራው? ኤሌክትሪሺያኑ ከአለቱ ጀርባ ብቅ ሲል ብስክሌት አልያዘም። በእግሩ እየሮጠ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነው የመጣው።

ከድንጋይ መፍጫው የተጠራ የጭነት መኪና መነጽር ሠሪውን ሆስፒታል አደረሰው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በአገናኝ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ጓንቷን እያወለቀች ነገረቻቸው። ልቡ ነው፤ ምናልባት ከድሮም ችግር ነበረው።

«ያኔውኑ አጠገቡ ሰው ቢኖር፣ ደረቱን ቢጫንለት፣ በአራት አምስት ደቂቃ ውስጥ… ይተርፍ ይሆን ነበር። ይሆናል ነው የምለው፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።»

ደረት መጫን ጋሽ ዳገት ያውቃል። ፓምፕ ቤት ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው እንዴት ማትረፍ እንደሚቻል በየዓመቱ ይሠለጥኑ ነበር፤ የጨርቅ አሻንጉሊት መሬት ላይ አጋድመው፣ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ።

ልጁ ስትመጣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሲነግሯት አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና አባቷን አየችው።

«አብረኸው አልነበርክም እንዴ አባዬ?»

አፉን ከፈተ። ኤሌክትሪሺያኑ ቀደመው።

«ጋሼማ መቼ ከሰው ጋር ይሆናል? እሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ውሃውን ሲጠጣ ነበር። በምን ሊያውቅ ይችላል?»

ጋሽ ዳገት አፉን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ሄደ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ያንኑ ይለዋል። «በዚያ ፍጥነትህ በምን ትሰማዋለህ?» «አንተን የሚደርስ ማን አለና!» ሃያ ስድስት ዓመት በላቡ ያገኘው ስም መጥቶ ከፊቱ ቆመለት፤ ማንም ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ አልነበረም። መነጽር ሠሪው ያለ አቅሙ ነው የወጣው ተባለ። ከሌላ ከተማ የመጡት የሟቹ እናትም፣ «ልጄ ከሕፃንነቱም ሩጫ አይሆንለትም ነበር፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው» ብለው አለቀሱ። ጋሽ ዳገት ይህን ሲሰማ፣ አይደለም፣ ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ሊያሸንፈኝ ነበር ብሎ መጮኽ አማረው። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ልጁ ግን አንድ ነገር ይዛ አልለቅ አለች። ጧት ሻይ ስትቀዳለት ትለዋለች፤ ሰው ሲሰናበት በር ላይ ቆማ ትለዋለች።

«ብቻውን ነው የሞተው አባዬ። ያ ሁሉ አፍ የነበረው ሰው። አንድ ሰው እንኳ አልጠራም?»

በአምስተኛው ቀን ወደ መካኒኩ ሱቅ ሄደ። መካኒኩ አንድ ጎማ በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ሽቦዎቹን ያቃናል። ጋሽ ዳገት በሩን ከኋላው መለሰና ቆሞ ነገረው። ሁለት ጊዜ እንደጠራው። ትንፋሹ ምን ይመስል እንደነበር። ብረቱ ሲወድቅ እንደሰማ።

መካኒኩ የሚሽከረከረውን ጎማ በመዳፉ አቆመው።

«ለማን ነገርክ?»

«ላንተ።»

«በቃ፣ ለእኔ ከነገርክ ይበቃል። ከዚህች በር እንዳይወጣ።»

«ጠራ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች እኮ።»

«ትጠይቅ! ስማኝ ወንድሜ፤ ባሏን አጥታለች። አባቷን ደግሞ ልታሳጣት ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ ብትዞር ይድን ነበር? ሐኪሟ ራሷ ይሆናል ነው ያለችው። ሕጉን አብረን ነው ያወጣነው፤ አንተ ብቻህን አይደለህም። ለጨዋታ ነው ያወጣነው።»

«ሕጉ አይደለም» አለ ጋሽ ዳገት። «ትንፋሹን አውቄዋለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ስሰማ እጄ በራሱ ነበር ወደ ማጥፊያው የሚሄደው። ያን ቀን እግሬ ጨመረ።»

መካኒኩ ጎማውን መሬት ላይ አጋደመ።

«ልትነግራት የፈለግከው ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?»

ጋሽ ዳገት የመለሰውን በር ከፍቶ ወጣ። ተመልሶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለስምንት ቀንም ዝም አለ። ብስክሌቱን በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ ወደ ግድግዳው አዞረው። ልጁ አባቷ በሐዘን የተጎዳ መስሏት የሚጣፍጠውን እየመረጠች ታቀርብለታለች፤ «አንተ ደግሞ እንዳትሄድብኝ» ትለዋለች፤ ካልሲውን ሳይቀር አጥባ ታጥፍለታለች። ደግነቷ ከስድብ በላይ ከበደው። ቢናገር ይህ ሁሉ እንደሚያበቃ ያውቃል። ከእሷ ሌላ የሚጠጋበት ሰው የለውም፤ ከጓሮዋ ክፍል ሌላ የሚገባበት ቤትም የለውም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም ተቆልሎ ይጠብቃታል። ጋሽ ዳገት ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ክር ያጠነጥንላታል። የሟቹ እናት ውስጥ ክፍል ጋደም ብለዋል። ልጁ አንድ ቀሚስ ጨርሳ ሌላ አነሣች፤ መርፌው ሥር አስገባችው፤ እግሯ ግን ፔዳሉን አልረገጠም።

«ዛሬ ገበያ ስሄድ አንድ ሰውዬ ከደረጃ ወደቀ» አለች ሳታየው። «መሬት ሳይነካ ገና አየር ላይ ሳለ ጮኸ። ሰው ሲወድቅ ይጮኻል እኮ አባዬ። እኔ አልገባኝም፤ የእኔ ሰው ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው? አንድ ሰው እንኳ አልጠራም?»

«ጠርቷል» አለ።

ቀና አለች።

«ማንን?»

«እኔን።»

«አንተ እኮ ጫፍ ላይ ነበርክ።»

«አልነበርኩም። እዚያው ነበርኩ። አሥር እርምጃ አንራራቅም።»

መቀሷን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ምን ብሎ ጠራህ?»

«አባባ ብሎ።»

«አንዴ?»

«ሁለቴ።»

«አንተስ?»

«ጨመርኩ።»

«ምን ጨመርክ?»

«ፍጥነት።» ከዚያም ያስረዳት ጀመር፤ ዳገት ላይ መጣራት እጅ መስጠት እንደሆነ፣ የተጠራው እንደማይዞር፣ ድሮም እንዲህ እንደነበረ። ያ ሕግ በመካኒኩ ሱቅ ውስጥ ሲወራ ስንቱን ያሥቅ ነበር። እዚህ፣ በተቆለለ የልጆች ልብስ መሐል፣ ለልጁ ሲነግራት የዕብድ ወሬ መሰለው። መሐል ላይ ተወው።

«እጅ የሰጠ መስሎህ ነው» አለች ቀስ ብላ። ድምፅዋ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ በዚያች ልታሾልከው የፈለገች ትመስላለች። «ደክሞት ነው ብለህ ነው። ሌላ ነገር አልመሰለህም።»

አዎ ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ልጁ በዓይኗ ትለምነው ነበር።

«ድካም እንዳልሆነ አውቄያለሁ» አለ። «ትንፋሹን ሰምቼዋለሁ። አውቄ ነው የጨመርኩት።»

ከውጭ አንድ አዟሪ የሚሸጠውን እየጠራ በመንገዱ አለፈ።

«እስከ አሥረኛው ጥምዝ ተከትሎኛል» አለ ጋሽ ዳገት። «ማንም እንዲያ ተከትሎኝ አያውቅም። ደካማ ነበር የሚሉት ውሸት ነው። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«በዚህ ልታጽናናኝ ነው?»

እሷ ጣቷ ላይ ያለውን የመርፌ መከላከያ አወለቀች፤ ጭኗ ላይ የተበታተነውን ክር አንድ በአንድ ለቀመች፤ ቀሚሱን አጣጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። እያለቀሰች አልነበረም። ከሥራ እንደምትነሣ ሰው ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና ወደ ውስጠኛው ክፍል በር ሄደች። ጋሽ ዳገት ገብታ በሩን የምትዘጋ መስሎት ነበር፤ ይህንም ተመኝቶት ነበር። እሷ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እማማ፣ ተኝተዋል?»

«ኧረ አልተኛሁም የኔ ልጅ። ምነው?»

«እስቲ ይምጡ። አባቴ የሚነግርዎ ነገር አለው።»

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ጫማቸውን በእግራቸው ሲፈልጉ፣ ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሱ ሲመጡ ሰማቸው። እናትየው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ፊታቸው ከእንቅልፍ እጦት አብጧል። ጋሽ ዳገት መሬት ላይ መቀመጡን አይተው ደነገጡ።

«ምን ነው እንዲህ መሬት ላይ? ይነሡ እንጂ፣ ብርዱ ወገብዎን ይይዝዎታል። እርስዎም እኮ ልጅ ነው የሞተብዎት።»

መጥተው ወንበር ሳቡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ልጁ በሩን ተደግፋ ቆመች። ጋሽ ዳገት ክሩን ከእጁ አኖረ። አንገቱን ደፍቶ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ በለሆሳስ መናገር ጀመረ።

እናትየው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«እባክዎ ጮክ ብለው ይንገሩኝ» አሉት። «ይሄ ጆሮዬ አይሰማልኝም።»

ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«ጮክ ብለህ ንገራቸው» አለችው።